የሞተር ሙቀት፦ ቴስታታ (የሞተሩን ራስ) ከማስወረዳችሁ በፊት የራዲያተሩን ክዳን እዩ

ጋራዣችን ሱሉልታ ነው። ከአዲሱ ገበያ የሚነሳውን ዳገት ታግሎ የመጣ መኪና እንፋሎቱን የሚለቀው እኛ ደጅ ላይ ነው። መሀል ከተማ ለወራት ተደብቆ የኖረ ችግር እዚህ ዳገት ላይ በ15 ደቂቃ ይጋለጣል። በ2016 ዓ.ም የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ሁሉም ያለውን አሮጌ እያስታመመ ነው። እኛም ሥራ አላጣንም።

ውሃ መኖሩን፣ ቺንጋ (ቀበቶው) አለመበጠሱን፣ ፊውዝ አለመቃጠሉን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ከተማ ውስጥ ሰላም ነው፣ ዳገት ላይ ውሃ ይተፋል

አብዛኛው ሰው ይህን ይዞ ነው የሚመጣው። ዳገቱ ሲጀመር የሙቀት መርፌው ይወጣል፣ የመጠባበቂያው ጠርሙስ ሞልቶ ይፈሳል። ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው ቫልቭ) ተቀይሯል። ፋን ተቀይሯል። ራዲያተር ሳይቀር ቀይሮ የሚመጣ አለ። ክዳኑ ግን መኪናው አገር ውስጥ ሲገባ የነበረው ነው።

የራዲያተር ክዳን እንደ ድስት ክዳን የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ውስጡ ግን ሞላና ጎሚኒ ያለው ቫልቭ ነው። ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 ተጽፎ ታያላችሁ፤ አፍኖ የሚይዘው የግፊት መጠን ነው። ውሃ ሲታፈን ቶሎ አይፈላም። ጂቡቲ ወደብ ላይ ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ሱሉልታ ከ2500 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ 91 አካባቢ ሲደርስ ይንተከተካል። ደጋ ላይ ባቄላ ቀቅሎ የሚያውቅ ነገሩ ይገባዋል።

አሁን አስቡት። በብዙ አሮጌ ቶዮታዎች ፋኑ የሚነሳው 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ክዳኑ ግፊት ካልያዘ ውሃው ፋኑ ሳይነሳ ይፈላል። ሹፌሩ ኮፈኑን ሲከፍት ፋኑ ቆሟል፣ ውሃው ይንጫጫል። «ፋን ነው» ብሎ ይፈርድና ፋን ይገዛል። ደህና ክዳን ቢኖረው ያው ውሃ 110 ዲግሪን ሳያልፍ አይፈላም ነበር።

አንድ ጡረታ የወጡ አባት ነበሩ፤ ዲኤክስ ቶዮታቸውን እንደ ልጅ ነው የሚይዙት። ሦስት ጋራዥ ዞረዋል። የመጨረሻው «ቴስታታ ይውረድ» ብሏቸው ገንዘብ ፍለጋ ወደ ዘመድ ሲሄዱ ነው ዳገቱ እኛ ጋ የጣላቸው። ክዳኑን ስፈታው በፌስታል ቁራጭ ተጠቅልሏል።

«ጋሼ፣ ይህን ማነው ያደረገው?»

«እኔ ነኝ ልጄ። ይፈስ ነበር፤ ይኸው ዛሬ ጠብ አይልም።»

እውነታቸውን ነው፣ በጎኑ ጠብ አይልም። ፌስታሉ ግን ጎሚኒውን ከመቀመጫው ስላራቀው ግፊቱ በሙሉ በጠርሙሱ በኩል ያመልጣል። ክዳን ቀየርን፣ ውሃ ሞላን፣ አየሩን አስወጣን። ዳገቱን ሁለት ጊዜ ወርደን ወጣን። መርፌው መሀል ላይ ተቀምጦ ቀረ። ጋሼ ይደሰታሉ ስል ተናደዱ። ሦስቱን ጋራዥ በየተራ ሲረግሙ ሻይ ቀዘቀዘብኝ።

የግፊት መሞከሪያ ፓምፕ ያለው ጋራዥ በሁለት ደቂቃ ይለየዋል። ፓምፕ ከሌለ፣ ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ የላይኛውን ማኒኮቶ (የራዲያተሩን የጎማ ቱቦ) በጨርቅ ጨበጥ አድርጉት። መወጠር አለበት። ከተልፈሰፈሰ ግፊት የለም። ጠዋት መኪናው ቀዝቅዞ እያለም እዩት። ማኒኮቶው ተጨምድዶ ከተጣበቀ፣ ክዳኑ መሀል ያለችው ትንሿ ቫልቭ አልከፍት ብላለች ማለት ነው። ሥራዋ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ውሃውን ከጠርሙሱ መልሳ ማሳለፍ ነበር። ጠርሙሱ ሞልቶ ራዲያተሩ ከጎደለም መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ክዳኑን ይሁን።

ክዳን ልትገዙ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ገበያ ስትሄዱ አሮጌውን በእጃችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ቁጥሩ ብቻ አይበቃም። እግሩ ያጠረ ክዳን ከላይ ይዘጋል፣ ከታች ግን መቀመጫውን አይነካም። 0.9 የነበረውን «ይጠንክር» ብሎ ወደ 1.1 ማሳደግም ያረጀ ራዲያተር ያስፈነዳል። ከርካሾቹ ደግሞ ይጠብቃችሁ። ከእሽጉ ወጥቶ፣ 0.9 ተጽፎበት፣ ፓምፕ ላይ ስንሰካው ግማሹን እንኳ ያልያዘ አይቻለሁ። ለዚያስ ፌስታሉ ምን አለው?

የጋለ ክዳን አትክፈቱ። በጨርቅም አይሆንም፣ በጃኬትም አይሆንም፣ «ቀስ ብዬ» የሚባል ነገርም የለም። ረዳቴ ክንዱ ላይ ያለው ጠባሳ ከአንድ ደንበኛ ችኮላ የመጣ ነው። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ካላመናችሁ አንድ ሰዓት ጠብቁ።

መንገድ ሲዘጋጋ ይሞቃል፣ ሲሄድ ይወርዳል

እዚህ ላይ ግን እውነትም ፋን ነው። ከባትሪ በቀጥታ ስታገናኙት ከዞረ ፋኑ ደህና ነው፤ ሪሌውን (ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚለቅለትን ማብሪያ) ወይም የሙቀት ስዊቹን ቀይሩ። ዳሽቦርድ ላይ የእጅ ማብሪያ እናብጅልህ የሚላችሁን ኤሌክትሪሺያን አትስሙ። ማብራቱን የምትረሱበት ቀን ይመጣል።

ቴርሞስታት

«አውጥተህ ጣለው፣ ለአፍሪካ አይሆንም» የሚል መካኒክ አሁንም አለ። በብዙ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን መንገድ ይዘጋል። እሱ ከወጣ ከፊሉ የጋለ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ተመልሶ ሞተር ይገባል። በታህሳስ ብርድ ደግሞ ሞተሩ ሳይሞቅ ቤንዚን ሲጠጣ ይውላል።

ቴርሞስታቱን ድስት ውሃ ውስጥ ከትታችሁ ስትሞክሩም ተጠንቀቁ። 88 የተጻፈበት መከፈት የሚጀምረው 88 ላይ ነው፤ ሙሉ ለሙሉ የሚከፈተው 100 አካባቢ ነው። የእኛ ድስት 91 ላይ ፈልቶ ያበቃለታል። ስለዚህ ትንሽ ከፈት ብሎ ይቆማል። ጀማሪ ሳለሁ ስንቱን ደህና ቴርሞስታት «ሞቷል» ብዬ ጥያለሁ! ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ብቻ ጣሉት።

ውሃ ይጎድላል፣ መሬት ላይ ግን ጠብ አይልም

ይህ ያስፈራል። በጠዋት፣ ከቀዝቃዛ ሞተር፣ አስነሱና የላይኛውን ማኒኮቶ ያዙ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከጠነከረ ውሃው አልሞቀም፤ ግፊቱን ያመጣው ከሲሊንደር ያመለጠ ጋዝ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ይወጣል። የሞተር ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ከዚያ በኋላ አንድ ኪሎ ሜትር አትንዱ። የቴስታታው ጓርኒሲዮን (ከሞተሩ ጋር ሲገጠም መሀል የሚገባው ማሸጊያ) ሄዷል። ቴስታታው ቶርኖ ቤት (ብረት የሚስተካከልበት) ሳይሄድ፣ ቀጥ ማለቱ ሳይለካ አዲስ ጓርኒሲዮን የሚያለብስላችሁ ሰው በወሩ መልሶ ያገኛችኋል።

መርፌው ወጣ ወጣ ብሎ ድንገት ወደቀ

«በረደልኝ» ብለው የሚቀጥሉ አሉ። አልበረደም። ውሃው አልቆ የሙቀት መለኪያው አየር ላይ ቀርቷል። አንዲት የምናውቃት መምህርት ከጫንጮ እዚህ ድረስ እንዲህ ነድታ መጣች። ቴስታታው ቀስት ሆኖ ነው የወጣው። መርፌው ሲወድቅ ወዲያው አጥፉ።

ስለ ውሃው

የቧንቧ ውሃ ለዓመታት ሲዞር ዝገት ይሠራል፣ ዝገቱም የራዲያተሩን ቀጫጭን መንገዶች ይደፍናል። የቀዘቀዘውን ራዲያተር ፊት በእጃችሁ ዳስሱ። ከዚያ አስነስታችሁ ሲሞቅ፣ ሞተሩን አጥፉና ደግማችሁ ዳስሱ። ቀዝቃዛ ሆኖ የቀረ ቦታ ካለ ተደፍኗል። ኩላንት ግዙ፣ ግን ቀለም የተነከረ ውሃ የሚሸጥም አለና ከምታውቁት ሱቅ ይሁን። የሚያፈሰውን ራዲያተር በእንቁላል የደፈነ ደንበኛ ነበረን። ፍሳሹ ቆመ። የውሃው ዝውውርም አብሮ ቆመ።

ብዙም የማናያቸው፦ ምላጩ ዝጎ ያለቀ የውሃ ፓምፕ፣ በፍጥነት ሲነዳ ወደ ውስጥ የሚመጠጥ የታችኛው ማኒኮቶ።

ዳገቱ ላይ መርፌው መውጣት ከጀመረ ኤሲውን አጥፉ፣ የሙቅ አየር ማሞቂያውን እስከ መጨረሻ ክፈቱ። ላብ በላብ ትሆናላችሁ፤ ማሞቂያው ግን ትንሽ ራዲያተር ነው፣ ሙቀት ይቀንስላችኋል። ካልወረደ ዳር ያዙና አጥፉ። በጋለው ሞተር ላይ ከሃይላንድ ቀዝቃዛ ውሃ አትልቀቁበት፣ ይሰነጠቃል። ከቀዘቀዘ በኋላ ሙሉና አስነስታችሁ፣ ክዳኑን ሳትዘጉ አረፋው እስኪያበቃ ጠብቁ። ውሃው ዝቅ ሲል ጨምሩ፣ ከዚያ ዝጉት። ያለ ፌስታል።