በጥቁርና በነጭ የተሠራ የሰው ሥዕል ለሳሎን ሲመረጥ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በኮዬ ፈጬና በሌሎቹ የአዲስ አበባ ዳርቻዎች አዲስ ቤት የተረከቡ ሰዎች ልስኑንና ቀለሙን ጨርሰው፣ ሶፋቸውንም አስገብተው ባዶ የቀረውን ግድግዳ ምን እናድርገው ብለው ሲያስቡ፣ በጥቁርና በነጭ ብቻ፣ በጥቂት መስመር የተሠራ የሰው ሥዕል ከሚመርጧቸው አንዱ ነው። ምርጫው መልካም ነው፤ ጠበብ ላለ የኮንዶሚኒየም ሳሎንም ይስማማል። ችግሩ «ከሁሉም ጋር ይሄዳል» ተብሎ ብዙ ሳይታሰብበት መገዛቱ ነው። ቀለም የበዛበት ሥዕል ጉድለቱን በቀለሙ ሊሸፍን ይችላል፤ ይኸኛው ግን ከመስመሩና ከባዶው ቦታ በቀር ሌላ መሸሸጊያ ስለሌለው፣ የሰዓሊው ብቻ ሳይሆን የግድግዳውም የመብራቱም ጥፋት ይታይበታል።

ከስህተቶቹ ሁሉ የከፋው፣ መስመር ያነሰበትን ሥራ ሁሉ እንደ በሰለ ሥራ መቁጠር ነው። ሰዓሊው ሳይሥል የተወውን ተመልካቹ በዓይኑ መሙላት መቻል አለበት። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ለቡና የተቀመጠች ሴት ከጀርባዋ ተሥላለች እንበል፤ ያለውም ከአንገቷ ተነሥቶ እስከ ወገቧ የሚወርድ አንድ መስመር ብቻ ይሁን። በደህና እጅ ከተሠራ መስመሩ አንገቷ ላይ ቀጥኖ ይጀምራል፣ ነጠላው በሚያርፍበት ትከሻ ላይ ይወፍራል፣ ጀርባዋ ላይ ሲደርስ ብሩሹ ደረቅ ብሎ የሸራው ክር ብቅ ብቅ ይላል፣ ክብደቷ በርጩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ ደግሞ እንደገና ጠቁሮ ይቆማል። ሴትዮዋ መቀመጧም ሆነ ወደ ረከቦቱ ማዘንበሏ የሚታወቀው ከዚያ ውፍረትና ቅጥነት ነው። በችኮላ የተሠራው መስመር ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ውፍረት ይዞ ይወርዳል፤ ሰውነትም አይገኝበትም። ገዢው ይህን ለመለየት የሥዕል ትምህርት አያስፈልገውም፤ እጆችን፣ እንዲሁም አንገትና ትከሻ የሚገናኙበትን ቦታ ረጋ ብሎ ማየት ይበቃዋል። ሰዓሊው በየሥራው እጅን በልብስ፣ በፀጉር ወይም በሸራው ጠርዝ የሚደብቅ ከሆነ፣ ጥቂት መስመር የተጠቀመው ወዶ ሳይሆን ተቸግሮ ሊሆን ይችላል።

የሚሸጠው ነገር የእጅ ሥራ መሆኑን ሳያረጋግጡ የእጅ ሥራ ዋጋ መክፈልም አለ። ሸራውን ወደ መስኮት አዙሮ ከጎን ሲያዩት የብሩሹ ዱካና የቀለሙ ውፍረት ካልታየ፣ ቀረብ ብለው ሲያዩት ደግሞ ጥቁሩ በደቃቅ ነጠብጣቦች የተሞላ ከሆነ ኅትመት ነው። ኅትመት መግዛት ነውር የለበትም፤ ነገር ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለች ከተማ ፀሐዩ ብርቱ ነውና፣ የርካሽ ኅትመት ጥቁር ፀሐይ ሲያገኘው ይደበዝዛል ወይም ወደ ቡናማ ያደላል። ከጥላሸት ወይም ከከሰል የሚገኝ ጥቁር ግን ብርሃን አያደበዝዘውም፤ የብራና ጸሐፍት ከጥላሸትና ካረረ እህል ያዘጋጁት ቀለም ዛሬም የሚነበበው ለዚህ ነው። በዳርቻው ሰፈር ከፊት ለፊት የሚከልል ሕንፃ በሌለበት ቤት፣ ወደ ምዕራብ በሚያይ መስኮት ከ10 ሰዓት ጀምሮ የሚገባው ፀሐይ በቀጥታ የሚያርፍበት ግድግዳ ለየትኛውም ሥዕል አይመከርም።

ነጭ ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላል፤ አይደለም። የብዙዎቻችን ግድግዳ ክሬም ነው። በጣም የነጣ ሸራ ክሬም ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ሸራው ሰማያዊ ሰማያዊ ይላል፣ ግድግዳውም ያደፈ ይመስላል። ከመግዛት በፊት የሸራውን ነጭ የሚመስል ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፎ ቀንም ማታም ማየት ነው። ማታውን የሚወስነው አምፖሉ ነው፤ በካርቶኑ ላይ 6500 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) የተጻፈበት አምፖል ክፍሉን ወደ ሰማያዊ ስለሚያደላው፣ ከ3000 እስከ 4000 ያለውን መምረጥና በአንድ ሳሎን ሁለት ዓይነት አለማደባለቅ ይሻላል።

ሥዕልን ወደ ኮርኒሱ አስጠግቶ መስቀል ከቆየ ልማድ የመጣ ነው። የሥዕሉ መካከል ከወለሉ 150 ሳንቲሜትር አካባቢ ቢሆን ይመረጣል፤ ከሶፋ በላይ ከሆነ ከመደገፊያው ከ15 እስከ 25 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ ስፋቱም የሶፋውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ቢይዝ ይበቃል። ከጎኑ የምርቃት ፎቶ፣ የግድግዳ ሰዓትና የቀን መቁጠሪያ ከተደረደሩ ግን ሥዕሉ የተሠራበት ባዶ ቦታ ይጠፋል። እነዚያ ሌላ ግድግዳ ይፈለግላቸው።

የምስሉ ፊት ወዴት እንደሚያይም ብዙ ጊዜ አይታሰብም። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት፣ ክፉዎች ደግሞ በአንድ ዓይን በጎን ይሣላሉ፤ ስለዚህ በጎን የተሣለ ፊት እናትና አባትን ቅር ቢያሰኝ አይደንቅም። ይህ ለዘመናዊ ሥዕል ሕግ አይደለም፤ ለማንኛውም ምስሉ ወደ በር ሳይሆን ወደ ክፍሉ እንዲያይ አድርጎ መስቀል ይሻላል።

ስለ እርጥበትና አቧራ ደግሞ ዝም ማለት አይቻልም። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ሳምንታት ካልቆየ ውሃው አያልቅም፤ የክረምት ዝናብ የሚመታው የውጭ ግድግዳም ከሰኔ እስከ መስከረም ሊረጥብ ይችላል። ከክፈፉ ጀርባ በአራቱም ማዕዘን ትንንሽ የጎማ ቁራጭ ቢለጠፍ በመካከሉ አየር ይገባል። የቤቱ ማጠናቀቂያ ሥራ እስኪያልቅ ተብሎ የዘይት ቀለም ሥዕልን በላስቲክ ጠቅልሎ ጨለማ ውስጥ ማቆየት እርጥበቱን ከማፈኑም በላይ ነጩን ቢጫ ያደርገዋል፤ የተልባ ዘይት ጨለማ ሲቆይ ይበልጥ ቢጫ ይሆናልና። አስፋልት ባልደረሰበት ሰፈር በበጋ የሚገባውን አቧራ ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ያነሣዋል፤ እርጥብ ጨርቅ ግን ጭቃ ያደርገዋል። በከሰል የተሠራ ሥዕል ጨርሶ አይነካም፤ መስታወት ያስፈልገዋል፤ መስታወት ያለውን ደግሞ ከመስኮት ትይዩ መስቀል መስኮቱን ማየት እንጂ ሥዕሉን ማየት አይሆንም። የዕጣንና የከሰል ጭስ በሚወጣበት የቡና ቦታ አናት ላይም አይሰቀል።

የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብሎኬቱ ውስጡ ክፍት ነው። ሚስማር በመዶሻ ሲመታ ልስኑ ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩም ይላላል፤ በትራፓኖ በስቶ ፊሸር (ብሎኑን አጥብቆ የሚይዝ የፕላስቲክ መያዣ) ማስገባት ይገባል፤ እሱም አንድ ሳይሆን ሁለት። በአንድ ነጥብ የተንጠለጠለ ሥዕል በሩ በተዘጋ ቁጥር ይዘማል፤ መስመሩ ጥቂት በሆነ ሥዕል ላይ ደግሞ የአንድ ሳንቲሜትር መዝመም የተቀመጠችውን ሴት የምትወድቅ ያስመስላታል።