መብራት ሄዶ ሲመጣ እምቢ የሚል ጂኤንኤስ3፦ ችግርና መፍትሄ

ትናንት ይሠራ የነበረ ላብ (የኔትወርክ መለማመጃ) ዛሬ እምቢ ካለ፣ ጅማ ላይ መጀመሪያ የሚጠየቀው ሌሊት መብራት ሄዶ እንደነበር ነው። ጂኤንኤስ3 ራውተሮችን ኮምፒውተር ላይ አስመስሎ የሚያስነሳ የኔትወርክ መለማመጃ ፕሮግራም ነው። የሚከተለው የጂኤንኤስ3ን ቪኤም (በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር) ኢኤስኤክስአይ ላይ፣ ማለትም ቪኤሞችን በሚያስነሳው የቪኤምዌር ሲስተም ላይ፣ ለጫነ ሰው ነው።

ቪኤሙ አይነሳም፤ ወይም ተነስቶ «ኬቪኤም ፎልስ» ይላል

ምክንያታቸው ለየቅል ነው። ጨርሶ ካልተነሳና ቪቲ-ኤክስ (ፕሮሰሰሩ ቪኤም እንዲያስነሳ የሚያግዘው ባሕርይ) ተዘግቷል የሚል መልእክት ከመጣ፣ የሰርቨሩ ባዮስ ገብታችሁ ክፈቱት፤ ኤኤምዲ ላይ ስሙ ኤስቪኤም ነው። መብራት በሄደ ቁጥር መልሶ የሚዘጋ ከሆነ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል፣ ባዮሱም ያስተካከላችሁትን ይረሳል። ሰዓቱ ወደ ኋላ መመለሱም ይህንኑ ይጠቁማል። ባትሪው ብዙውን ጊዜ ሲአር2032 ነው፤ የኃይል ገመዱን ነቅላችሁ ቀይሩት።

ተነስቶ ሰማያዊው መስኮት (የቪኤሙ መረጃ የሚታይበት ስክሪን) ላይ ኬቪኤም ፎልስ ካለ ግን፣ ቪኤሙ በውስጡ ሌላ ቪኤም እንዲያስነሳ አልተፈቀደለትም። አጥፉት፤ እየሠራ ይህ አይቀየርም። ኢኤስኤክስአይ ላይ በቪኤሙ ኤዲት ሴቲንግስ ውስጥ ሲፒዩ የሚለውን ዘርግታችሁ የሃርድዌር ቨርቹዋላይዜሽኑን ሣጥን ምልክት አድርጉ። ያለዚህ የኪሙ ራውተሮች (ኪሙ ሙሉ ማሽን አስመስሎ የሚያስነሳ ፕሮግራም ነው) ወይ አይነሱም ወይ ይንፏቀቃሉ። እንደ ሲ3725 ያሉት የዳይናሚፕስ (የድሮ የሲስኮ ራውተሮችን አስመሳይ ፕሮግራም) ራውተሮች ኬቪኤም ስለማይፈልጉ፣ እነሱ መሥራታቸው አያታልላችሁ።

ክላይንቱ ሰርቨሩን አያገኘውም

ክላይንቱ በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ያለው የጂኤንኤስ3 ፕሮግራም ነው፤ ሰርቨሩ ቪኤሙ ውስጥ ነው። ዲኤችሲፒ (አይፒ በራሱ የሚያድለው አገልግሎት) ለቪኤሙ አዲስ አይፒ ሰጥቶት ይሆናል። ሰማያዊው መስኮት ላይ ያለውን አይፒና ፖርት ከክላይንቱ ጋር አስተያዩ፤ ከዚያ ከቪኤሙ ሜኑ የኔትወርክ ፋይሉን ከፍታችሁ ቋሚ አይፒ ስጡት። ፋይሉ ያምል (ክፍተት ትርጉም ያለው የጽሑፍ ዓይነት) ነውና ክፍተቱን በስፔስ ብቻ አስገቡ፤ አንድ ታብ ከገባ አይነበብም። አይፒው ልክ ሆኖም ካልተገናኘ የክላይንቱንና የቪኤሙን ስሪት እዩ፦ ሁለቱም 2.2 መሆናቸው አይበቃም፣ የመጨረሻው ቁጥር ሳይቀር መግጠም አለበት።

ከክላውድ ጋር የተያያዘው ራውተር ወደ ውጭ ፒንግ አያደርግም

ክላውድ ላቡን ከውጭው ኔትወርክ ጋር የሚያገናኝ የጂኤንኤስ3 ክፍል ነው። የራውተሩ ማክ (የኔትወርክ ካርድ መለያ) አድራሻ ከቪኤሙ ካርድ ማክ ይለያል፤ ቪስዊቹም (የኢኤስኤክስአይ ውስጣዊ ስዊች) የማያውቀውን ማክ አያሳልፍም። ቪኤሙ የተያያዘበት ፖርት ግሩፕ (የቪስዊቹ የፖርቶች ስብስብ) ላይ ሴኩሪቲ ገብታችሁ ፕሮሚስኪዩየስ ሞድንና ፎርጅድ ትራንስሚትስን አክሴፕት አድርጉ። ቪስዊቹ ላይ ብቻ ቀይሮ ፖርት ግሩፑ የራሱን ሪጀክት እንደያዘ መተው የተለመደ ስህተት ነው።

አንድ ራውተር ብቻ ተነስቶ ሲፒዩ 100% ይሞላል

የዳይናሚፕስ ራውተር አይድል-ፒሲ (ሥራ ሲፈታ ሲፒዩውን እንዲያሳርፍ የሚያደርግ ቁጥር) ካልተሰጠው ሥራ ፈትቶም ሲፒዩውን አይለቅም። ራውተሩ ተነስቶ ፕሮምፕት ላይ እስኪቆም ጠብቁ፣ በቀኝ ክሊክ አይድል-ፒሲ አስፈልጉ፣ ኮከብ ካላቸው አንዱን ምረጡ።