ቀደምት የኤሌክትሪክ ቫኪዩም ፓምፖችን ሲያንቀሳቅሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አየርን ከዕቃ ውስጥ መጥጦ የሚያወጣው፣ በሞተር የሚሽከረከር ቫኪዩም ፓምፕ በፊዚክስ ቤተ ሙከራዎች የተስፋፋው፣ ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ጌደ በፍራይቡርግ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1905 የሜርኩሪ ፓምፑን ካስተዋወቀ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ተመራማሪው ብዙውን ጊዜ ሜርኩሪ የተሞላ ዕቃ በእጁ ከፍና ዝቅ እያደረገ ይደክም ነበር። የጌደ ፓምፕም ሆነ ተከትለውት የመጡት ባለዘይት ፓምፖች በአግባቡ ከተያዙ ዛሬም ሊሠሩ ይችላሉ፤ ወሰናቸውን የማያውቅ ሰው ግን ፓምፑንም ከእርሱ ጋር የተያያዘውን የመስታወት ዕቃም በቀላሉ ያበላሻል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ባለዘይቱን ፓምፕ አየር ሳያስገቡ ማጥፋት ነው። ፓምፑ ሲቆም የከባቢ አየር ግፊት በመውጫው በኩል ዘይቱን በውስጠኛ ክፍሎቹ ክፍተት እየገፋ ወደ ቫኪዩሙ ይመልሰዋል፤ ዘይቱም ቀስ በቀስ በቱቦው ወጥቶ በብዙ ድካም የጸዳውን መስታወት ይለብሰዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ዕቃው የሚወስደው ቫልቭ ይዘጋል፣ ሞተሩ ይጠፋል፣ ወዲያውም በፓምፑ በኩል አየር ይገባል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ለዚህ ሁሉ ጊዜ ስለማይገኝ፣ የፓምፑን ዘይት በሙሉ ሊይዝ የሚችል፣ ግድግዳው ወፍራም የሆነ ባዶ ጠርሙስ በፓምፑና በዕቃው መካከል ቢገባ እጅግ ጥሩ ነው። ዘይት የተመለሰበትን ፓምፕ ማስነሣት ካስፈለገም፣ አየር ከገባ በኋላ ቺንጋው የሚያዞረውን መዘውር ጥቂት ዙር በእጅ አዙሮ ዘይቱን ማስወጣት ይገባል፤ አለዚያ በዘይት የታጨቀው ፓምፕ ሞተሩን ያንቀዋል።

ሌላው ስህተት እርጥበት ያለበትን ዕቃ በቀጥታ ማገናኘት ነው። የውሃ ተን በፓምፑ ውስጥ ሲታመቅ ወደ ውሃነት ተለውጦ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፤ ዘይቱ እንደ ወተት ከነጣ ምክንያቱ ይኸው ነው። ለዚህ መፍትሔ የሆነውንና ጥቂት አየር እያስገባ ተኑን የሚያስወጣውን ዘዴ ጌደ ራሱ የፈለሰፈው በ1935 ስለሆነ፣ ከዚያ የቀደሙት ፓምፖች ይህ የላቸውም፤ በፊታቸው እንደ ፎስፎረስ ፔንቶክሳይድ ያለ ማድረቂያ ማስቀመጥ ግድ ነው።

የ1905ቱን የሜርኩሪ ፓምፕ ከከባቢ አየር ግፊት ጀምሮ እንዲሠራ መጠበቅም ስህተት ነው። በብረት ቤቱ ውስጥ የሚዞረውን የፖርሴሊን ከበሮ የሚያሽገው ሜርኩሪ ጥልቀቱ ትንሽ ስለሆነ የ760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (የሙሉ ከባቢ አየር) ግፊት ልዩነት መቋቋም አይችልም። አስቀድሞ ግፊቱን የሚቀንስለት ሌላ ፓምፕ ያስፈልገዋል።

ቫኪዩሙ አልሻሻል ሲል ብዙዎች ፓምፑን ይወቅሳሉ፤ እኔ ግን በቅድሚያ ቱቦው እንዲመረመር እመክራለሁ። ዴንማርካዊው ማርቲን ክኑድሰን በ1909 እንዳሳየው፣ በዝቅተኛ ግፊት የጋዝ ሞለኪውሎች የሚጋጩት በአብዛኛው ከግድግዳው ጋር ነው፤ በመሆኑም የረዥም ቱቦ የውስጥ ዲያሜትር በግማሽ ሲቀንስ የማስተላለፍ አቅሙ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። የማክሊዮድ የግፊት መለኪያም ጋዙን አምቆ ስለሚለካ፣ በውስጡ ያለው ተን ወደ ፈሳሽነት ተለውጦ ንባቡ ከእውነተኛው ግፊት ያነሰ ሊሆን እንደሚችል መዘንጋት የለበትም።

ስለ ሞተሩ ደግሞ፣ በቀጥተኛ ጅረት የሚሠራ ከሆነ ሳይመረምሩ ተለዋዋጭ ጅረት ከሚሰጠው የዛሬው የግድግዳ ሶኬት ጋር ማገናኘት አይገባም፤ ሽቦውን የሸፈነው አሮጌ ጎማና ጥጥም መፈተሽ አለበት።

በመጨረሻም የፈሰሰ ሜርኩሪን እንደ ቀላል ነገር ማለፍ አደገኛ ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት አልፍሬድ ሽቶክ በሜርኩሪ ተን ለብዙ ዓመታት ታሞ ከቆየ በኋላ በ1926 ማስጠንቀቂያ ያወጣው ከገዛ ቤተ ሙከራው በደረሰበት ጉዳት ነው። ለእይታ ብቻ የሚቀመጥ የጌደ ፓምፕ ሜርኩሪው በባለሙያ እጅ ወጥቶ በታሸገ ዕቃ ሊቀመጥ ይገባል።