ድሬ ለመሄድ ባቡር ወይስ አውቶቡስ? እንዴት እንደምትመርጡ

ድሬዳዋ ለመሄድ ያሰበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው "የቱ ይፈጥናል" ብሎ ነው፣ እኔ ግን ከዛ በፊት ከየት ሰፈር ነው የምትነሱት፣ ስትደርሱስ የት ነው የምትገቡት እላለሁ። ባቡሩ በሰዓት 120 ኪሎሜትር እንዲሮጥ ተደርጎ ነው የተሰራው፣ ጣቢያዎቹ ግን ከከተማ ወጣ ያሉ ናቸው፣ አውቶቡሱ ደግሞ መሀል ከተማ ጭኖ ከተማ ውስጥ ያወርዳል።

የአዲስ አበባው ጣቢያ ፉሪ ለቡ ነው። ጀሞ ወይ ሀና ማርያም አካባቢ ከሆናችሁ ቅርባችሁ ነው፣ ኮተቤ ወይ ሰሚት ከሆናችሁ ግን በጠዋት ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ ሊኖርባችሁ ነው፣ የከተማው ቀላል ባቡር ደግሞ በደቡብ በኩል ቃሊቲ ላይ ያልቃል እንጂ እዛ አያደርስም፣ ስለዚህ የራይዱን ሂሳብ ከትኬቱ ጋር ደምሩት። ድሬ ስትደርሱም የምትወርዱት ከተማው ውስጥ ከዚራ ሰፈር ያለው የድሮው ጣቢያ አይደለም፣ አዲሱ ከከተማ ውጪ ነው፣ ከዛ ወደ ከተማ መኪና ያስፈልጋችኋል። የአውቶቡሱ ጣጣ ሌላ ነው፣ ብዙዎቹ ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ ስለሚነሱ በጨለማ ታክሲ ፈልጎ መስቀል አደባባይ መድረስ አለ፣ ብቻዋን ለምትሄድ ሴት ወይ ህፃን ለያዘ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም፣ የሚያደርሳችሁን ሰው ከማታው ጨርሱ።

ቀጥሎ መንገዱን እዩ። ባቡሩ ከሚኤሶ በኋላ ቆላውን ይዞ ነው የሚሄደው፣ አውቶቡሱ ደግሞ ሽቅብ ወጥቶ በአሰበ ተፈሪ (ጭሮ)፣ በሂርና፣ በቁልቢ አድርጎ ደንገጎን ቁልቁል ይወርዳል። የድሮው የፈረንሳዮቹ ሀዲድም ቢሆን የሐረርን ተራራ ትቶ ቆላውን ይዞ ነው በ1902 እ.ኤ.አ. ድሬ የደረሰው፣ ከተማዋም የተቆረቆረችው በዛው ሰበብ ነው፣ ደጋው ላይ ያሉት ከተሞች ግን ያኔም ዛሬም ባቡር አላዩም። ስለዚህ መድረሻችሁ ጭሮ ወይ ሂርና ከሆነ ምርጫ የለም፣ አውቶቡስ ነው። ሐረር ከሆነ ቀጥታ የሚሄድ አውቶቡስ አለ፣ ካልሆነም በባቡር ድሬ ገብታችሁ አንድ ሰዓት ገደማ በሚኒባስ ትወጣላችሁ። ለቁልቢ ገብርኤል፣ ታህሳስ 19 እና ሐምሌ 19፣ የአውቶቡስ ትኬት ጭንቅ ስለሆነ በጊዜ ያዙ፣ ካጣችሁ በባቡር ድሬ ገብቶ ከዛ በመኪና መውጣትን አስቡበት። ጠመዝማዛ መንገድ የሚያስመልሰው ሰው፣ ጉልበት የሚያማቸው እናት አባት ካሉ ደግሞ እኔ ያለማመንታት ባቡር እላለሁ፣ ተነስተው እግራቸውን ያፍታታሉ፣ ሽንት ቤቱም እዛው ነው፣ መኝታ ያለው ፉርጎ መኖሩንም ትኬት ስትቆርጡ ጠይቁ። ምግባችሁን ግን ቋጥሩ፣ አውቶቡስ ምሳ ያቆማል፣ ባቡር አያቆምላችሁም።

አዳማ ለመሄድ ባቡር አትድከሙ። የፍጥነት መንገዱ በ2014 እ.ኤ.አ. ነው የተከፈተው፣ ባቡሩ መደበኛ ስራ የጀመረው በ2018 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ባቡሩ ሲመጣ ሰዉ ሚኒባሱን ለምዶ ነበር፣ ሚኒባስ እኮ ሲሞላ ይነሳል፣ ፕሮግራም አትጠብቁም።

እና ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ ባቡሩ እንደ አውቶቡስ በፈለጋችሁት ቀን አይገኝም፣ የሚሄድበትን ቀን ሳታረጋግጡ ፈቃድ እንዳትሞሉ። በእኔ እምነት ባቡሩ ተሳፋሪ የሚያጣው በሀዲዱ ምክንያት ሳይሆን በዚህና በጣቢያው ርቀት ነው፣ ከመሀል ከተማ ለቡ ድረስ በባቡሩ ሰዓት የሚመላለስ አንድ ባስ ቢመደብ ብዙ ሰው ይመለስለት ነበር፣ ደግሞም ይገባዋል፣ በጅቡቲ ኮንቴይነር ብቻ መኖር የለበትም። መንገድ ላይ ግመልና ከብት ሀዲድ ሲያቋርጥ መቆምም አለ፣ ስለዚህ እንደደረሳችሁ የሚጠብቃችሁ ቀጠሮ አትያዙ። አውቶቡስ ከሆነ ደግሞ የመንገዱን ፀጥታ ከዋዜማው ለሹፌር ወይ ለረዳት ደውላችሁ ጠይቁ፣ ከቀናት በፊት የሰማችሁት ወሬ አይበቃም።

ስትመለሱ ድሬ ካለው ታይዋን ገበያ ልብስ፣ ኤሌክትሮኒክስ ምናምን የገዛችሁ ከሆነ በሁለቱም ፍተሻ አለ፣ ደረሰኝ ተቀበሉና ከመታወቂያችሁ ጋር እጃችሁ ላይ ያዙት፣ ሻንጣ ስር አትቅበሩት። የመመለሻ ባቡር ቀኑ ካልገጠመላችሁም እዛ ሆቴል እየከፈላችሁ አትጠብቁ፣ ሄዳችሁ በባቡር መጥታችሁ በአውቶቡስ ብታደርጉት ምንም ችግር የለውም።