ሐዲድን በካሜራ መፈተሽ፦ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ባቡር ሥር ካሜራ አስሮ እየሄዱ ሐዲድ መቅረጽ ዛሬ ያን ያህል የሚያስቸግር ነገር አይደለም። ካሜራው ይሸጣል። መብራቱ ይሸጣል። ምስሉን የሚያነበው ሶፍትዌርም ይሸጣል። ሥራው የሚከብደው ከዚያ በኋላ ነው። የተቀረጸው ጉድለት የብሎን መፍቻ የያዘው ሠራተኛ ዘንድ እስኪደርስ ረጅም መንገድ አለው። ነገሩ የሚበላሸውም እዚያ መንገድ ላይ ነው።

እኔ የምሠራው አሜሪካ ነው፤ በጭነት ባቡር መስመሮች ላይ። ከካሜራ የመጣውን ምስል እያየሁ ለጥገና ቡድኖች ዝርዝር አወጣለሁ። አገር ቤት ያሉ ወጣት መሐንዲሶች የአዲስ አበባ–ጅቡቲን መስመር እያሰቡ ጥያቄ ይልኩልኛል። ጉጉታቸው በጣም ደስ ይለኛል። ብዙዎቹ ግን የሚጀምሩት «የትኛውን ካሜራ እንግዛ?» ብለው ነው። እንግዲህ ከዚሁ ልነሳ።

ጉድለቱን ሳይወስኑ ካሜራ መምረጥ

መጀመሪያ የምትፈልጉትን ጉድለት ወረቀት ላይ ጻፉ። የጠፋ ክሊፕ (ሐዲዱን ከስሊፐሩ ጋር የሚያስረው ብረት) ነው? የተሰነጠቀ ስሊፐር (ከሐዲዱ ሥር በአግድም የሚነጠፈው እንጨት ወይም ኮንክሪት)? የወለቀ ብሎን? ወይስ ሐዲዱ ራሱ ላይ ያለ ቀጭን ስንጥቅ? የጠፋ ክሊፕ በ1 ሚሊሜትር ጥራት (አንዱ የምስል ነጥብ 1 ሚሊሜትር ሲይዝ) ቁልጭ ብሎ ይታያል። እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ግን በዚያ ጥራት አይያዝም።

ካሜራው የሚያይበት አቅጣጫም እንደዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 18 ቀን 2002 ሰሜን ዳኮታ ውስጥ፣ ማይኖት ከተማ አጠገብ፣ 112 ፉርጎ ከሚጎትት የጭነት ባቡር 31ዱ ከሐዲድ ወጡ። አሞኒያ የጫኑ ታንከሮች ተቀደዱ፤ ጋዙ ወደ ከተማው ነፈሰ፤ አንድ ሰው ሞተ። ምርመራው የደረሰበት ሁለት ሐዲዶችን ጫፍ ለጫፍ የሚያያይዙት ብረቶች ተሰንጥቀው እንደነበር ነው። እነዚህ ብረቶች የሚታሰሩት በሐዲዱ ጎን ነው። ካሜራችሁ ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚያይ ከሆነ የብረቱን ጠርዝ እንጂ ፊቱን አያገኝም። መስመራችሁ በብየዳ የተያያዘ ቢሆንም እንኳ መገጣጠሚያ ያለባቸው ቦታዎች ይኖራሉና ለእነሱ ከጎን የሚያይ ካሜራ አስቡ።

በሰዓት መቅረጽ

ካሜራው ምስሉን የሚያነሳው በቀጭን በቀጭን መስመር እየቆረጠ ነው፤ እያንዳንዱ የምስል መስመር የሚነሳው በጎማው መሽከርከር ልክ መሆን አለበት። በሰዓት ቆጣሪ ካነሳ ባቡሩ ሲፈጥን ምስሉ ይጨመቃል፣ ሲዘገይ ይለጠጣል፤ ስሊፐሩም አንዴ ጠባብ አንዴ ሰፊ ሆኖ ይወጣል።

በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 22 ሜትር ነው። 1 ሚሊሜትር ጥራት ከፈለጋችሁ በሰከንድ 22,000 የምስል መስመር ያስፈልጋል። የካሜራው መዝጊያ ለአንድ ሺህኛ ሰከንድ ክፍት ከቆየ ባቡሩ 22 ሚሊሜትር ሄዷል፤ ምስሉ ይዝረከረካል። ስለዚህ መዝጊያው በሚሊዮንኛ ሰከንድ እየተቆጠረ መከፈትና መዘጋት አለበት። ለዚያ ደግሞ ከፀሐይ ጋር የሚፎካከር የራሳችሁ መብራት ያስፈልጋችኋል። በመብራት የቆጠበ ሰው በጥላ ይከፍላል።

ቦታውን እንደ ተራ ነገር ማየት

ይሄኛው በጣም ያናድደኛል። ቡድኑ ወራት ሙሉ ሞዴል (ምስሉ ላይ ጉድለት የሚለየውን ሶፍትዌር) ያሠለጥናል፣ ስለ ምስል ጥራት ይከራከራል፣ ስለ ሶፍትዌሩ ገለጻ ያደርጋል። «ይህ የተሰበረ ክሊፕ የት ነው ያለው?» ስትሉት ግን «ኪሎ ሜትር 212 አካባቢ» ይላችኋል። «አካባቢ»! በዚህ ሥራ ውስጥ «አካባቢ» የሚባል ቦታ የለም።

ቁጥሩን አብረን እንመልከት። ስሊፐሮቹ በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ከተቀመጡ አንድ ኪሎ ሜትር ላይ 1,667 ያህል ስሊፐር አለ። አንዱ ስሊፐር አራት ክሊፕ ይይዛል። በኪሎ ሜትር ከ6,600 በላይ ክሊፕ ማለት ነው። አሥር ሜትር ብቻ ከተሳሳታችሁ ሠራተኛው ከስልሳ በላይ ክሊፕ ጎንበስ እያለ ሊያይ ነው። መቶ ሜትር ከተሳሳታችሁስ?

ስህተቱ ደግሞ ሳይታወቅ ነው የሚጠራቀመው። ርቀቱን የሚቆጥረው ጎማው ላይ የታሰረው ኢንኮደር የሚባል የዙር መቁጠሪያ ነው። የጎማው ዲያሜትር 920 ሚሊሜትር ነው ብላችሁ ሞላችሁ እንበል። ጎማው አገልግሎ 915 ቢደርስ፣ ቆጠራው በኪሎ ሜትር ወደ 5 ሜትር ተኩል ይስታል። መቶ ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ ጎማው ፍሬን ሲያዝ ይንሸራተታል፣ ዝናብና ግራሶ ላይም ይንሸራተታል።

«ጂፒኤስ አለን» ይሉኛል። ጂፒኤስ ዋሻ ውስጥ የለም። ሁለት ሐዲድ ጎን ለጎን በሚሄድበት ቦታም ተራ ጂፒኤስ የትኛው ላይ እንዳላችሁ በእርግጠኝነት አይነግራችሁም፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት አራት ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከሰበታ እስከ አዳማ ያለው መስመር ድርብ ነው። የግራውን ጉድለት በቀኙ ላይ ብትጽፉ ሠራተኛው ባዶ ሐዲድ ሲፈትሽ ይውላል። እዚህ አሜሪካ ደግሞ የማይል ምልክቶቹ ራሳቸው ያሳስታሉ። መስመሩ ድሮ ተቀይሶ ምልክቱ ስላልተነሳ፣ አንዳንዱ ማይል ከማይል ይረዝማል፣ አንዳንዱ ያጥራል።

ግራና ቀኝስ? የፍተሻ ተሽከርካሪው ዞሮ ሲመለስ የካሜራው ግራ የመስመሩ ቀኝ ይሆናል። ግራና ቀኝ የሚባለው የኪሎ ሜትር ቁጥሩ በሚጨምርበት አቅጣጫ ታይቶ ነው ብላችሁ አንዴ ወስኑና በዚያው ጽኑ።

አንድ የማውቀው የጥገና ቡድን በተከታታይ ክሊፕ የጎደለበት ቦታ አለ ተብሎ ዝርዝር ተላከለት። ሰዎቹ በቀትር ፀሐይ ወረዱ፣ የተባለውን ቦታ አዩ፤ ሁሉም በቦታው ነው። ወደፊትም ወደኋላም ሄደው ፈለጉ፤ ምንም። ፎርማኑ ዝርዝሩ ላይ «ምንም የለም» ብሎ ጽፎ ተመለሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ከካሜራ የመጣ ወረቀት ሲደርሰው መሳቢያ ውስጥ ነበር የሚከተው። ጉድለቱ ግን እውነት ነበር። ከተጻፈው ቦታ ሁለት መቶ ሜትር ያህል አልፎ፣ በእግሩ የሚፈትሽ ሰው አገኘው። ሶፍትዌሩ ትክክል ነበር፣ ምስሉም ጥሩ ነበር። ያ ሁሉ ልፋት በቦታ ስህተት ከንቱ ቀረ። ከሁሉ በላይ የሚቆጨኝ የፎርማኑ እምነት መጥፋቱ ነው። አንዴ የሄደ እምነት በሶፍትዌር ማሻሻያ አይመለስም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የማይንቀሳቀሱ ነገሮችን መቁጠሪያ አድርጉ፦ ድልድይ፣ የሐዲድ መቀየሪያ (ባቡር ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚሻገርበት)፣ የኪሎ ሜትር ድንጋይ። በእያንዳንዱ ላይ ቆጠራውን አርሙ። ያለፈውን ጉዞ ምስል ከዛሬው ጋር አስተያዩ። ለሠራተኛው የምትሰጡት ወረቀት ላይም «212.347» ብቻ አትጻፉ። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ከድልድዩ ምሥራቃዊ ጫፍ 14ኛው ስሊፐር፣ የግራ ሐዲድ፣ የውጪው ክሊፕ»። ፎቶውንም ጨምሩ፤ ከጉድለቱ በፊትና በኋላ ያሉት ጥቂት ስሊፐሮች አብረው ይታዩ። ሠራተኛው ፎቶው ላይ ያለውን የተሸረፈ ስሊፐር መሬት ላይ ካገኘው ክሊፑን ወዲያው ያገኘዋል።

«የለም»ንና «አልታየም»ን አንድ ማድረግ

ሪፖርቱ «ከኪሎ ሜትር 40 እስከ 55 ምንም ጉድለት አልተገኘም» ይላል። ደስ ይላል። ምስሉን ትከፍታላችሁ፤ ሌንሱ በአቧራ ተሸፍኗል። ሶፍትዌሩ ያላየውን «የለም» ብሎ ቆጥሮታል።

ይህ አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም ወረቀቱ ላይ ከሁሉም የተሻለው መስመር መስሎ የሚታየው በጣም የቆሸሸው ነው። በአዋሽና በድሬዳዋ መካከል ያለውን ደረቅ ቆላ አስቡት፤ ባቡሩ ራሱ አቧራውን እያስነሳ ነው የሚሄደው። እኛ ዘንድ በረዶ አለ። ሣር አለ፣ ክሊፑን የሸፈነ ጠጠር አለ፣ መቀየሪያዎች ላይ ደግሞ ጥቁር ግራሶ አለ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክሊፕ ሦስት መልስ ይኑር፦ አለ፣ የለም፣ አልታየም። ከሪፖርቱም አናት ላይ ከመስመሩ ስንት በመቶው እንዳልታየ ይጻፍ። «ያልታየው ሲበዛ አለቃ ይቆጣል» ብሎ የሚደብቅ አለ። ይቆጣ። ያልታየውን ሰው በእግሩ ሄዶ ያየዋል፤ የተደበቀውን ግን ማንም አያየውም።

በ99 በመቶ መርካት

ጀማሪዎች «ሞዴላችን 99 በመቶ ትክክል ነው» ብለው ሲጽፉልኝ ደስታቸውን ማበላሸት አልወድም። ግን መቶ ኪሎ ሜትር ላይ ከ660,000 በላይ ክሊፕ አለ። አንድ በመቶ ስህተት ማለት ከ6,600 በላይ የተሳሳተ ፍርድ ነው። ሰው አንዱን በ10 ሰከንድ ቢያየው እንኳ ከ18 ሰዓት በላይ ይወስዳል፤ ለአንድ ጉዞ ብቻ።

አንዳንዱ ይህን ሲያይ ማስጠንቀቂያው እንዲቀንስ ሶፍትዌሩን ያላላዋል። በዚያው እውነተኛውም ጉድለት አብሮ ይጠፋል። የሚሻለው በክብደት መለየት ነው። ብቻውን የጎደለ አንድ ክሊፕ ለመደበኛ ጥገና ይቆያል። ተከታትለው የጎደሉ፣ በተለይ ኩርባ ላይ፣ ዛሬውኑ ስልክ ይደወልባቸዋል።

99ኙ ራሱ ከየት እንደመጣም ጠይቁ። ያው ስሊፐር ሁለት ጊዜ ተቀርጾ አንዱ ምስል ለማሠልጠኛ፣ ሌላው ለፈተና ከገባ፣ ሞዴሉ ያየውን ነው የደገመው። ለፈተና የምታቆዩት ጨርሶ ያልነካችሁት የመስመር ክፍል ይሁን።

የሌላ አገር ሞዴል እንዳለ ማምጣት

እዚህ የጭነት መስመሩ አብዛኛው የእንጨት ስሊፐር ነው፤ ሐዲዱም በሚስማር ነው የሚያዘው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲው ኮንክሪት ነው። በእንጨትና በሚስማር የሠለጠነ ሞዴል የኮንክሪት ስንጥቅ አያውቅም። የራሳችሁን ምስል ሰብስቡ፤ ሌላ አቋራጭ የለውም።

ቀርጾ ማስቀመጥ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 23 ቀን 2007 እንግሊዝ ውስጥ ግሬይሪግ በሚባል ቦታ ከለንደን ወደ ግላስጎው የሚሄድ ፈጣን ባቡር መቀየሪያ ላይ ከሐዲድ ወጣ፤ አንድ ሰው ሞተ። የመቀየሪያው ማያያዣ ብረቶች ተጎድተው ነበር። ፌብሩዋሪ 18 ሊደረግ የነበረው የዓይን ፍተሻ ሳይደረግ ቀርቷል። ፌብሩዋሪ 21 የመለኪያ ባቡሩ በዚያው አለፈ፤ ቪዲዮም ቀረጸ። ባቡሩ የሚሄደው የሐዲዱን ልኬት ለመውሰድ ነበር እንጂ መቀየሪያ ለመፈተሽ አልነበረም። ስለዚህ ያን ቪዲዮ ከአደጋው በፊት ያየው ሰው አልነበረም።

ማየት ብቻውም አይበቃም። እዚያው እንግሊዝ ሃትፊልድ ላይ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 17 ቀን 2000 አራት ሰው የሞተው ሐዲድ ተሰባብሮ ነው። ስንጥቁ ከአደጋው በፊት ይታወቅ ነበር፤ ሐዲዱ ግን አልተቀየረም።

ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት ስለዚህ ሦስት ነገር ወስኑ፦ ምስሉን ማን ያየዋል? በስንት ሰዓት ውስጥ? ባቡር እንዲዘገይ ወይም እንዲቆም የማዘዝ ሥልጣን ያለው ማነው?

ጥቂት አጫጭሮች

ቦታ ለመቆጠብ ምስሉን ከልክ በላይ አትጭመቁ፤ ቀጭኑ ስንጥቅ በመጀመሪያ የሚጠፋው ያኔ ነው። አንድ ካሜራ በ4,096 ነጥብ ስፋትና በ1 ሚሊሜትር ጥራት በኪሎ ሜትር 4 ጊጋባይት ያህል ይወጣዋል፤ ሀርድ ዲስኩን ቀድማችሁ አስሉ።

የካሜራው መያዣ ብሎን ራሱ በንዝረት ይላላል። ከየጉዞው በፊት በእጅ ይነካ።

እግረኛ ፈታሹን አትቀንሱ። እዚህ በሕጉ ዋና መስመሮች በየጊዜው በዓይን ይፈተሻሉ። ካሜራ የሐዲዱን ውስጥ አያይም፤ ለዚያ አልትራሳውንድ አለ። የላላ ነገር ሲንኳኳ የሚሰማው፣ ውሃ ሥሩን እየበላው ያለውን ጠጠር የሚያውቀው፣ መስመሩን ለዓመታት የረገጠው ሰው ነው።

መልሱን አለመሰብሰብ

ዝርዝሩ ወጣ፣ ተላከ፣ አለቀ ይባላል። ሠራተኛው እቦታው ደርሶ ምን እንዳገኘ ካልተመለሰላችሁ ሶፍትዌሩ ያንኑ ስህተት ዓመት ሙሉ ይደግመዋል። እኛ ዝርዝሩ ላይ ከእያንዳንዱ ጉድለት ጎን ሦስት ሳጥን አድርገናል፦ «ተጠገነ»፣ «ቦታው ላይ የለም»፣ «ሌላ ነገር ነው»። ከሥሩ ዝርዝሩን ያወጣው ሰው ስም ከነስልኩ አለ። ብዙ የሚያስተምረኝ ሦስተኛው ሳጥን ነው። «ክሊፕ የለም» ያልነው ቦታ ላይ «ሌላ ነገር ነው፤ ክሊፑ አለ፣ ስሊፐሩ ግን መሐሉ ላይ ተሰብሯል» ተብሎ ሲመጣ፣ ያን ምስል ለይቼ ለሚቀጥለው ሥልጠና አስቀምጠዋለሁ፤ ለጻፈው ሰውም እደውላለሁ።