አስም ያለበት ሰው ሲያስመልሰው መድኃኒት እንዴት ይሰጠው?

እናቴ አስም አለባት። በአፍ ከሚሳበው ፓፍ ሌላ ቲዮፊሊን የሚባል የአስም ክኒን ጠዋትና ማታ ትውጣለች። አንድ ጊዜ ለተቅማጥ ሲፕሮፍሎክሳሲን የሚባል አንቲባዮቲክ ታዘዘላትና በሦስተኛው ቀን ያስመልሳት ጀመር። ሮጬ ፕላሲል የሚባለውን የማስመለስ ማስታገሻ ገዛሁ። የሸጠልኝ ሰው አልጠየቀኝም፣ እኔም ስለ አስሟ ትንፍሽ አላልኩም። ማስመለሱ ጋብ ሲልላት ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ሌሊት የቀሰቀሰኝ የስኒ ድምፅ ነው፤ ሻይ ልትጠጣ ስታነሳው ከማስቀመጫው ጋር ይንቀጫቀጫል። እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ልቧም በኃይል ይመታ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምከተለው እንዲህ ነው።

1. በሽተኛው የሚወስደውን ሁሉ በፌስታል ሰብስቡ። ማሸጊያውን ሳትጥሉ፣ ከሌላ ሐኪም የታዘዘውንም ጨምራችሁ።

ቲዮፊሊን ወይም ዘመዱ አሚኖፊሊን ካለበት እዚህ ላይ ቁሙ። የቲዮፊሊን የሚጠቅመው መጠንና የሚጎዳው መጠን በጣም ይቀራረባሉ። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሌላው አንቲባዮቲክ ኤሪትሮማይሲን ደግሞ ጉበት ቲዮፊሊንን ቶሎ እንዳያስወግድ ያደርጋሉ። ያው የለመደውን ክኒን እየዋጠ በደሙ ውስጥ ይጠራቀማል። ሲጋራ ያቆመ ሰው ላይም እንዲሁ ሊበዛ ይችላል።

መብዛቱን ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚናገረው ማቅለሽለሽና ማስመለስ ነው። ከዚያ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ እንቅልፍ ማጣት ይመጣል፤ ሲብስ ያንዘፈዝፋል፣ የልብ ምትን ያዛባል። እኔ በፕላሲል ያፈንኩት ምልክቱን ብቻ ነው፤ የሚጎዳት ነገር ውስጧ ነበር። ስለዚህ ቲዮፊሊን የሚወስድ ሰው ካስመለሰው ቀጣዩን ሳይውጥ ፌስታሉን ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

2. ትንፋሹን ስሙ። ልጅ ሲያስለው ቆይቶ ካስመለሰ መታከም ያለበት ሳሉ ነው፤ ፓፉን፣ ማለትም ሳልቡታሞሉን፣ በታዘዘው መጠን በስፔሰር (ፓፉ ተገጥሞበት መድኃኒቱ በትንፋሽ የሚሳብበት ባዶ ዕቃ) ስጡት። ስፔሰር ከሌለ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ቂጡን በፓፉ አፍ ልክ ቀዶ መጠቀም ይቻላል፣ በደንብ ይሠራል። ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ራሱ ከደነዘዘ ክኒን አትፈልጉ፣ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።

3. የማስመለስ ማስታገሻውን ከባለሙያ ጋር ምረጡ። «አስም አለበት» የሚለው የመጀመሪያ ቃላችሁ ይሁን።

ፕሮሜታዚንን እኔ ለአስም ታማሚ አልመርጠውም። ያስተኛል፣ ትንፋሽን ሊያደክም ይችላል፣ አክታንም ያወፍራል፤ ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ደግሞ ጨርሶ አይሰጥም። ፕላሲል፣ ማለትም ሜቶክሎፕራማይድ፣ አስም ባለባቸው ሰዎች ላይ አልፎ አልፎ የሳንባ ቧንቧ እንዲጠብ ማድረጉ ተመዝግቧል። በተለይ ልጆችና ወጣቶች ላይ አንገትና መንጋጋ ሊያጣምም ይችላል። የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 ከ5 ቀን በላይ እንዳይወሰድ መክሯል። ኦንዳንሴትሮን ስለማያስተኛ ይሻላል ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን የልብ ምት ችግር ላለበት አደገኛ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሳልቡታሞልም ሆነ ማስመለስ በሰውነት ውስጥ ያለውን ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ስለሚቀንሱና ይህም የልብ ምትን ሊያዛባ ስለሚችል፣ ፓፍ ደጋግሞ የወሰደ ሰው ይህንንም ለሐኪሙ ይንገር።

4. የመጀመሪያውን ክኒን ቀን ላይ፣ ሰው አጠገቡ ሳለ ስጡት። ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ ፓፉ እጁ የሚደርስበት ይሁን። ሲር ሲር የሚል ትንፋሽ፣ ሽፍታ ወይም የፊት እብጠት ከመጣ ሁለተኛ አይሰጥም፣ ወዲያው ሐኪም ጋ ነው።

5. ፓፉን አታቋርጡ። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ ክኒን ከምግብ ጋር ይዋጥ፤ ለረጅም ጊዜ ሲወስደው የቆየ ሰው ሆዱ አልቀበል ካለው ግን «ነገ ይሻለዋል» ብላችሁ አታሳድሩት፤ ሰውነቱ ያለ እሱ ሊዝለፈለፍ ይችላል።

ኦ አር ኤሱን እንደ ማሸጊያው በጥብጣችሁ በማንኪያ ቀስ እያላችሁ አጠጡት። የሚጠይቅ ጎረቤት ዕጣን ላጭስለት ካለ በትሕትና እምቢ በሉ።