«ሬዲ ኦር ኖት»ን ሲመለከቱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ማት ቤቲኔሊ ኦልፒንና ታይለር ጊሌት ያዘጋጁት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ይህ ፊልም ታሪኩ ባጭሩ የሚነገር ነው። ሙሽራይቱ ግሬስ በሠርጓ ሌሊት፣ በባሏ ቤተሰብ ልማድ መሠረት ከአንድ ሣጥን ካርድ ታወጣለች፤ ካርዱም ድብብቆሽ እንድትጫወት ያዝዛል፤ አማቶቿም ጎህ ሳይቀድ አድነው ሊገድሏት መሣሪያ ያነሣሉ። መጨረሻውን ሳልነካ ማስረዳት ስለማልችል፣ ፊልሙን ያላየ አንባቢ አስቀድሞ ቢያየው ይሻላል።

ብዙ ተመልካች የሚሳሳተው ገና ከርእሱ ነው። በእኛ አገር ኩኩሉ ስንጫወት ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ!» ይላል፤ ተደባቂዎቹ ቦታ እስኪይዙ ድረስ «አልነጋም!» እያሉ ይመልሱለታል፤ እነርሱ «ነጋ» ሳይሉ ፍለጋ አይጀመርም። በእንግሊዝኛው ጨዋታ ግን ፈላጊው ተዘጋጃችሁም አልተዘጋጃችሁም መጣሁ ብሎ ይነሣል እንጂ መልስ አይጠብቅም። የፊልሙ ርእስ የተወሰደው ከዚህ አባባል ስለሆነ፣ «ድብብቆሽ» ብሎ ብቻ መተርጎም ሙሽራይቱ ጨዋታው ለሞት መሆኑ ሳይነገራት፣ ፈቃዷም ሳይጠየቅ መታደኗን ይሸፍናል።

ሌላው ስህተት ሣቁን ከድንጋጤው ማረፊያ አድርጎ መቁጠር ነው። አዳኞቹ የለ ዶማስ ቤተሰብ አባላት ባለጸጎች እንጂ ነፍሰ ገዳይነት የለመዱ ሰዎች አይደሉም፤ አማቹ ፊች እንደ ጠመንጃ ምላጭ ተስቦ የሚተኮሰውን ቀስት እንዴት እንደሚይዝ መጸዳጃ ቤት ተቀምጦ ከቪዲዮ ይማራል፤ የቤቱ ልጅ ኤሚሊ ደግሞ ሙሽራይቱን መታሁ ብላ የቤት ሠራተኛ ትገድላለች። ተመልካቹ የሚስቀው በዚሁ አለመቻላቸው ነው፤ ነገር ግን የአለመቻላቸውን ዋጋ በሕይወታቸው የሚከፍሉት በጨዋታው ድርሻ የሌላቸው ሠራተኞች ሲሆኑ ቤተሰቡ ማደኑን ይቀጥላል። ሣቁ ጉሮሮ ላይ ሲቆም የሚሰማው ስሜት የፊልሙ እውነተኛ አስፈሪነት ስለሆነ፣ ቀልዱን ለይቶ የሚያልፍ ሰው አስፈሪውንም ክፍል ያጣዋል።

ግሬስን ሀብት ፈልጋ የገባች ሴት አድርጎ ማየትም ስህተት ነው፤ ያደገችው በአሳዳጊ ቤተሰቦች ዘንድ ስለሆነ የጎደላት ገንዘብ ሳይሆን የራሴ የምትለው ቤተሰብ ነው። ግሬስን ሆና የምትጫወተው ሳማራ ዊቪንግ በመጀመሪያዎቹ ትዕይንቶች ይህን ናፍቆት በፊቷ ብቻ ታሳየናለች።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ባሏን አሌክስን ደግ፣ ሰካራሙን ወንድሙን ዳንኤልን ክፉ ብሎ አስቀድሞ መፍረድ ነው። ዳንኤል ከ30 ዓመት በፊት፣ ገና ልጅ ሳለ፣ የተደበቀውን የአክስቱን ሙሽራ አሳልፎ የሰጠ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የሚጠጣው ያን ሌሊት ተሸክሞ ነው። አሌክስ ግን የቤቱን ልማድ እያወቀ፣ እንዳትተወው ፈርቶ ለግሬስ ሳይነግራት አገባት፤ በሮች ሲከፍትላትና ሲያግዛት ስናይ ይህን ዝምታውን እንረሳለን። በመጨረሻ ለእርሷ ብሎ የሚሞተው ዳንኤል ነው፤ አሌክስ ደግሞ እናቱ በግሬስ እጅ መሞቷን አይቶ ሚስቱም ከእርሱ ጋር እንደማትቀር ሲረዳ ለቤተሰቡ አሳልፎ ይሰጣታል። በእኔ እይታ የፊልሙ ትልቁ ክህደት ያ መጨረሻ ላይ የሚታየው ሳይሆን ከሠርጉ በፊት የነበረው ዝምታ ነው።

ቤተሰቡ ግሬስን ጎህ ሳይቀድ ካልገደሉ ሁላቸውም እንደሚሞቱ ያምናሉ፤ ይህን ውል ተዋውሎ ለቅድመ አያታቸው ሀብት የሰጠው ሚስተር ለ ቤይል በእርግጥ አለ ወይስ የለም የሚለውንም ጥያቄ ቀድሞ መዝጋት አይገባም። የስሙ የእንግሊዝኛ ፊደላት ሲገለባበጡ «ቤሊያል»ን፣ በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቤልሆር የተባለውን የሰይጣን ስም ይሰጣሉ፤ ሆኖም ፊልሙ እስከ ጎህ ድረስ ተመልካቹን ያጠራጥራል። ፀሐይ ወጥታ ለጥቂት ጊዜ ምንም ሳይሆን ሲቀር፣ ያ ሁሉ ደም በከንቱ ፈሰሰ ማለት ነውን ብለን እንጠይቃለን፤ ወዲያው ቤተሰቡ አንድ በአንድ ይፈነዳል። ጥርጣሬውን ይዞ የቆየ ተመልካች ብቻ ነው ያችን ጸጥታ በሙሉ ክብደቷ የሚሰማት።

የልጆች ጨዋታ አለበት ተብሎ ፊልሙን ከልጆች ጋር ማየት እንደማይገባ ሳልናገር አላልፍም።

ከመጨረሻው ምስል በፊትም መነሣት አይገባም። በደም የተነከረ የሠርግ ልብስ የለበሰችው ግሬስ በሚቃጠለው ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ሲጋራ ታጨሳለች፤ ምን እንደደረሰባት ስትጠየቅ የምትመልሰው በአማርኛ በአንድ ቃል ይገለጻል፦ «አማቶቼ።»